ማሰሪያው የት አለ?

በሰኔ መጀመሪያ ደብረ ወርቅ ነበርኩ። አንዲት የዘመዴ ልጅ ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትዘጋጃለች፤ ደጃፉ ላይ ካለችው መደብ ተቀምጣ የአማርኛ መለማመጃ ጥያቄ ትሠራለች። እኔም ቡናው እስኪፈላ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አያለሁ። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ከየገጠሩ የመጡት ተማሪዎች የያዙት ስንቅ ትናንት ማታ ______።»

ሀ. አለቁ
ለ. አለቀ
ሐ. አልቀዋል
መ. አለቁባቸው

ልጅቷ ብዙም ሳታመነታ «መ»ን አከበበች። «ለምን?» አልኳት። «ሳነበው ልክ መጣልኝ» አለች። «ስንቅ ሲያልቅ የሚቸገሩት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ‹ባቸው› መኖር አለበት።»

ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ መሪጌታ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙን ኖሯል። «ልጄ፣ መጀመሪያ ማሰሪያውን ያዥ» አሏት። «ነገሩ የታሰረው በምን ላይ ነው?»

«በማለቅ።»

«ያለቀው ማነው? ተማሪዎቹ ናቸው?»

«ኧረ ስንቁ ነው።»

«ስንቁ አንድ ነው ወይስ ብዙ?»

ልጅቷ መልስ አልሰጠቻቸውም። ላጲሷን አነሳች፤ «መ»ን አጥፍታ «ለ»ን አከበበች።

ወዳጆቼ፣ ይህን ልነግራችሁ የቸኮልኩት መሪጌታው ለልጅቷ ያደረጉላት ነገር፣ ዓረፍተ ነገር አርሙ ለሚል ፈተና ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄያቸው ሦስቱን ምርጫ በአንድ ጊዜ ጣለች። «አለቁ»፣ «አልቀዋል»፣ «አለቁባቸው» ሦስቱም ብዙ ባለቤት ይፈልጋሉ። ስንቁ ግን አንድ ነው። «መ» ልጅቷን ያታለላት እውነት የሚመስል ነገር ስለያዘ ነው፤ የተማሪዎቹን ችግር በትክክል ያሳያል። «አለቀባቸው» ቢል ኖሮ እንከን አይወጣለትም ነበር። ጥሩ ፈታኝ ወጥመዱን የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ትርጉሙን ልብ በሚነካ ቃል ያሳምረውና ስህተቱን አንዲት ፊደል ውስጥ ይደብቃል።

«ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚሉትን ቃላት አብዛኞቻችን ያወቅናቸው በዘመናዊ ትምህርት ቤት የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ምንጫቸው ግን የቅኔ ቤት ነው። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ አንቀጽ ደግሞ በር። ዛሬ አንቀጽ ሲባል አንዳችን የሕግ ቁጥር፣ ሌላችን የድርሰት ክፍል ይታየናል፤ ለቅኔ ተማሪ ግን አንቀጽ ድርጊቱን የሚናገረው ቃል ነው። ማሰሪያ የተባለውም ሌላውን ቃል ሁሉ ሰብስቦ ስለሚያስር ነው። ነዶ አስራችሁ ታውቃላችሁ? ዛላው የቱንም ያህል ቢያምር ማሰሪያው ከላላ ተሸክማችሁት አትሄዱም።

ደብረ ወርቅ በዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚወጣውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደብረ ወርቅ ማርያም ከጎጃም ጥንታውያን የትምህርት ቦታዎች አንዷ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። የዚያ ልብ ወለድ ዓረፍተ ነገሮች አንዳንዴ ግማሽ ገጽ ይሄዳሉ፤ ሆኖም አንባቢው መንገድ አይጠፋበትም። እኔ ይህን ከቅኔ ቤቱ ነው የምቆጥረው። ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ እንደሚያገኝ የሚያውቅ ጸሐፊ መሀሉን ሊያረዝም ይችላል።

በቅኔ ቤት ማረም እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ላሳያችሁ። ተማሪው ብቻውን ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ ነው። በሁለት ቤት ውስጥ የሚደበቅ ስህተት ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል ትበቃለች። «ብእሲ ሐነጸ ቤተ» በሉ፤ ሰውየው ቤት ሠራ ማለት ነው። ቤት የሚለው ቃል መጨረሻው «ት» ነበር፤ እዚህ «ተ» ሆኗል። ሳድሱ ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ ፊደሉ የመጀመሪያ መልክ፣ የተለወጠው ቤት ተሳቢ ስለሆነ፣ ማለትም የመሠራቱ ነገር እሱ ላይ ስላረፈ ነው። ይህች «ተ» ካለች ቃሉን ወዲያና ወዲህ ብትሉት ትርጉሙ አይናጋም፤ «ቤተ ሐነጸ ብእሲ» ብትሉም የሠራው ሰውየው ነው። «ብእሲ ሐነጸ ቤት» ያለ ተማሪ ግን ይታረማል። ባለቤቷ ሴት ከሆነች ደግሞ «ብእሲት ሐነጸት ቤተ» ይሆናል፤ ማሰሪያው ባለቤቱን ተከትሎ ተለወጠ፣ ተሳቢው ባለበት ቆመ።

አሁን ደግሞ ወጥመዱን እዩት። «ቤተ ክርስቲያን» ስንልም «ተ» ነው። እዚህ ቤት ተሳቢ ሆኖ አይደለም፤ ክርስቲያን ከሚለው ዘርፉ፣ የማን መሆኑን ከሚናገረው ቃል ጋር ስለተናበበ ነው። አንድ መልክ ሁለት ሥራ ይሠራል። መልኩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል፤ ቀጥሎ የመጣውን ቃል አይቶ የሚፈርድ ግን ያውቃል። ለዚህ ነው በጎጃም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የዘመናዊ ፈተና ወረቀት ሲያይ ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፊደሏ ሳይሆን ፊደሏ ወደምትሠራው ሥራ ነው።

አማርኛችን የዚያችን የግዕዝ «ተ» ሥራ ለ«ን» ሰጥቶታል። «ልጁ መቋሚያውን አነሳ» እንላለን። ችግሩ የሚመጣው ቅጽል ወይም ዘርፍ ሲጨመር ነው። «አዲሱ መቋሚያን» ወይስ «አዲሱን መቋሚያ»? «ን» የምትወደው የፊተኛውን ቃል ነው፤ ስለዚህ «አዲሱን መቋሚያ»። ዘርፍም ሲኖር እንዲሁ ነው፦ «የየኔታን መቋሚያ አነሳ» ይባላል። ሬዲዮ ስትሰሙ «የኢትዮጵያ ሕዝብን» የሚል ጋዜጠኛ አትጡም፤ የለመደው ጆሮ ምንም አይጎረብጠውም። ፈተና ላይ ግን «የኢትዮጵያን ሕዝብ» የሚለውን ምረጡ። እኔም በጽሑፍ ሁሉ እንዲህ እንዲጻፍ እመኛለሁ፤ ቋንቋው ለ«ን» የሰጣት ቦታ ያማረ ነውና።

ከግዕዝ የወረስነው ሌላ የፈተና ማሳ የብዙ ቁጥር ነው። መምህር በግዕዝ ሲበዛ መምህራን ይሆናል፤ ካህን ካህናት፣ ሊቅ ሊቃውንት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት። እነዚህ በዝተው ጨርሰዋል። «መምህራኖች»፣ «ካህናቶች»፣ «ሊቃውንቶች» ስንል ሁለት ጊዜ እያበዛናቸው ነው። አማርኛው ራሱ በ«ኦች» ማብዛት ይችላል፤ «መምህሮች»ም «ቃሎች»ም ይባላል፤ «ቃላት»ም ይባላል። ከሁለቱ አንዱን ያዙ። «ቃላቶች» ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማጨቅ ነውና ምርጫ ውስጥ ሲመጣ ወዲያው ሰርዙት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አማርኛ ነው። ብዙ ልጅ ግን በእንግሊዝኛውም ስለሚሰናከል ወደዚያ ልሻገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ግን ከዓመታት ማስጠናት የተረዳሁት አለ፣ እሱን ልንገራችሁ።

በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። «ከየገጠሩ የመጡት ተማሪዎች የያዙት ስንቅ» ስንል ያ ሁሉ ሰልፍ የስንቅ አጃቢ ነው፤ ስንቅ መጨረሻ ላይ፣ ከማሰሪያው አጠገብ ይመጣል። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሳይታወቀው አንድ ልማድ ይይዛል፦ ተሳቢ ከሌለ ባለቤት ማለት ለግሱ የቀረበው ስም ነው። በእናት ቋንቋው ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል። እንግሊዝኛው ግን ይገለብጠዋል፤ «ስንቁ፣ ተማሪዎቹ የያዙት፣ ከየገጠሩ የመጡት» እያለ ባለቤቱን አስቀድሞ አጃቢዎቹን ከኋላ ያስከትላል። ግሱ ሲደርስ አጠገቡ ያለው ስም ባለቤቱ አይደለም፣ የአጃቢው አጃቢ ነው። ልጁ እንደ ልማዱ ለግሱ የቀረበውን ይይዛል፣ «ገጠሮቹ» ብዙ ናቸው ብሎ ብዙውን ግስ ያጠቁራል። ይህን ልጅ ሰነፍ ብለው የሚገሥጹት ብዙ ናቸው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ልጁ የአማርኛን ሥርዓት በታማኝነት ነው የተከተለው፤ ያልተነገረው ነገር የሁለቱ ቋንቋዎች ሰልፍ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ይህን በአንድ ከሰዓት ብታስረዱት ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። እኔ ሲሆን አይቻለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። እንግሊዝኛው የሚወድቅበት፣ አማርኛችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፍበት ጉድጓድ። «ወደ ቢቸና ስሄድ ዝናብ መታኝ» በሉ። «ስሄድ» ውስጥ «እኔ» አለሁ፤ ሄያጁ ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። «በልቼ»፣ «በልተሽ»፣ «በልተው» የሚሉት ቦዝ አንቀጾችም ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አያስሩም እንጂ ባለቤታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ የሚጠቀምበት ቃል ባለቤት አይነግርም፤ በአቀማመጥ ካልተጠነቀቁ ዝናቡ ራሱ ወደ ቢቸና የሚሄድ ይመስላል። ለውጭ ትምህርት የሚፈተኑ ወዳጆቻችን በተደጋጋሚ የሚያገኙት የስህተት ዓይነት ይህ ነው። ጂማት የሚባለው የንግድ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ለብዙ ዓመታት ዓረፍተ ነገር የማረም ክፍል ነበረው፤ ከዓረፍተ ነገሩ የተሰመረበት ክፍል ይሰጣል፣ አምስት ምርጫ ይቀርባል፣ የመጀመሪያው ምርጫ ምንጊዜም ያልተነካው ዋናው ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በመጣው አዲሱ ቅርጽ ክፍሉ ቀርቷል። ያቺ የመጀመሪያ ምርጫ ግን አሁንም ትምህርት አላት፦ አርም የተባለ ሁሉ ስህተት አለው ማለት አይደለም። «ለውጥ አያስፈልገውም» የሚለው ምርጫ ሲኖር ብዙ ተማሪ ይፈራዋል፤ መፍራት የለበትም።

ስለ ምርጫዎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ልበል። አራቱን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እያነበባችሁ በጆሯችሁ አትመዝኗቸው። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ጆሮ ይደነዝዛል፣ ሁሉም ልክ መምሰል ይጀምራል። ይልቅ አራቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የሚለያዩበትን ነጥብ ብቻ ፈልጉ። ሁለቱ «ን» አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም? እንግዲያው ጥያቄው የተሳቢ ነው፤ እሱን ፍረዱና ሁለቱን ጣሉ። የቀሩት በጊዜ ይለያያሉ? «ትናንት» የሚል ቃል አለ ወይ ብላችሁ ተመለሱ። በስንቁ ጥያቄ «ለ» ብቻውን ነጠላ ስለነበረ ጎልቶ ታይቶ ይሆናል፤ ብቻውን የቆመ ምርጫ ሁሉ ግን መልስ አይደለም። የሚፈርደው ባለቤቱ ነው።

በሰዋስው ሁለት ምርጫ ሲተርፍስ? «ትክክለኛ» እና «የተሻለ» የሚለያዩት እዚህ ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። «እናቲቱ ልጇን ስትመክራት አለቀሰች» የሚለውን አንብቡ። ያለቀሰችው ማን ናት? እናትም ልጅም ሴት ናቸው፣ «አለቀሰች» ለሁለቱም ይስማማል። ሰዋስዉ አልተጣሰም። «ልጅቷ እናቷ ስትመክራት አለቀሰች» ከተባለ ግን የልጅቷ እንባ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ጥያቄው ስለ ልጅቷ እንባ ከሆነ መልሱ ይኸኛው ነው።

ቅኔ ቤት ውስጥ ግን ያቺ ሁለት መንገድ ያላት ዓረፍተ ነገር ትሸለማለች! ሰምና ወርቅ ይህ አይደል? አንድ ቃል ወዲህ ሲያዩት አንድ፣ ወዲያ ሲያዩት ሌላ የሚሆንበት ጥበብ ኅብር ይባላል። ሆኖም ልብ በሉ፤ ባለ ቅኔው ሁለቱን መንገድ አውቆ ነው የሠራቸው፤ በሁለቱም በኩል ባለቤቱና ማሰሪያው ይገጥማሉ። ባለማወቅ ሁለት ትርጉም የሰጠ ሰው ኅብር አልሠራም። ፈተናው የሚፈልገው አንዱን መንገድ ብቻ ነው፤ ቅኔ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ማየት ስለሚችል አንዱን ለመዝጋት ከሌላው ይቀለዋል።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ማየት ለምትፈልጉ፣ የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» በ1948 ዓ.ም. የወጣው፣ የቅኔ ቤቱን ስያሜዎች ለዘመናዊ ተማሪ ያቀረበ ነው። የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ሲመጣ ስማዊ ሐረግና ግሳዊ ሐረግ እያለ በአዲሱ የቋንቋ ሳይንስ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው፤ ስሙ ይለያያል እንጂ ሁለቱም ባለቤትና ግስ እንዲስማሙ ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር ግን ይህን ስምምነት ለጀማሪ ያወሳስባል፤ አክብሮት። «የኔታ መጡ» እንላለን። የኔታ አንድ ሰው ናቸው፣ «መጡ» ደግሞ በመልኩ የብዙ ነው። ነጠላ ባለቤት ነጠላ ግስ ይሻል ብሎ የሸመደደ ልጅ «የኔታ መጣ» የሚለውን ሊያጠቁር ይችላል፤ ደብረ ወርቅ ላይ ቢለው ደግሞ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። አክብሮት አንዴ ከተጀመረ እስከ ማሰሪያው መዝለቅ አለበት፤ ቦዙም ማሰሪያውም አብረው ማክበር አለባቸው። ከመደቡ ከመነሳቴ በፊት ለልጅቷ የመጨረሻ ጥያቄ አድርጌ የጻፍኩላት ይህን ነበር፣ እናንተም ሞክሩት፦

«የኔታ የተማሪዎቹን ቅኔ ______።»

ሀ. ሰምቶ አረሙት
ለ. ሰምተው አረመው
ሐ. ሰምተው አረሟቸው
መ. ሰምተው አረሙት

«ሀ» በቦዙ፣ «ለ» በማሰሪያው አክብሮቱን ያፈርሳሉ። «ሐ» አክብሮቱን ጠብቆ የታረመውን ነገር ብዙ ያደርገዋል፤ የታረመው ግን ቅኔው ነው፣ ተማሪዎቹ ዘርፍ ናቸው። ልጅቷ እርሳሷን እንደያዘች በመጀመሪያ ማሰሪያዎቹን፣ ቀጥሎ «ቅኔ» የሚለውን ቃል በጣቷ ነካች። ከዚያ «መ»ን አጠቆረች።